ለአሮጌ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የትኛው ኩለር ይገጥማል? ለድሬዳዋና ለሐረር የንጽጽር መመሪያ

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ራሱን የሚያጠፋ፣ ማታ ግን ምንም የማይለው ዴስክቶፕ ካላችሁ፣ ፓወር ሰፕላይ ከመቀየራችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ኩለር (ማቀዝቀዣ) እዩ። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ኩለር በዚህ ሙቀት ቢሸነፍ አይገርምም። ችግሩ አዲስ ልግዛ ሲባል ነው፤ ሱቅ ላይ ያለው አብዛኛው ኩለር የተሠራው ለአዳዲስ ቦርዶች ነውና።

ምርጫው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ኩለሩ ቦርዱ ላይ የሚያያዝበት ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ቁመት፣ ቀጥሎ የፋኑ መሰኪያ፣ በመጨረሻ ዋት። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና «150 ዋት ይችላል» የተባለውን ኩለር ይዞ ቤቱ ሲደርስ ቀዳዳው ላይ ይቀራል።

ከመግዛት በፊት ያለውን ፈትሹ

ከሁሉም የሚረክሰው ምርጫ ያለውን ኩለር አጽድቶ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር ነው። ከዚህ ሳይጀምሩ አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው እንላለን።

ፋኑን ከሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከሚስበው ባለ ክንፍ ብረት) ላይ አንሱት። ከላይ ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ኩለር ፋኑ ሲነሳ ሌላ ነገር ያሳያል፤ ከፋኑ ሥር፣ በስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹ ራስ ላይ፣ ግራጫ ሱፍ የመሰለ አቧራ ተነጥፎ ይገኛል። በጣት ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡት እንደ ጨርቅ ተያይዞ ይነሳል። ፋኑ በሙሉ ፍጥነት ቢዞርም አየሩ ያንን ሱፍ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይመለሳል። በደቻቱ ወንዝ ዳርና አስፋልት በሌለው ሰፈር ያለ ቤት ውስጥ ይህ በጥቂት ወራት ይጠራቀማል።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ጥሩም ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ከነዘይቱ ቦርዱ ላይ ይረጫል። ታንኩ በሥሩ ባለው ቧንቧ እንዲደፋ ጠይቁ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ንፋስ በእጃችሁ መዳፍ ላይ ሞክሩት፤ መዳፋችሁ ከረጠበ ወደ ቦርዱ አይቅረብ። ሁለተኛ፣ ፋኑን በጣታችሁ ይዛችሁ አስነፉ። በኮምፕሬሰር ንፋስ ከአቅሙ በላይ የሚሽከረከር ፋን ኩሽኔታው ይላላል፤ ከሳምንት በኋላ የሚሰማው ጩኸትም የዚያ ውጤት ነው።

ቀጥሎ ፔስቱ። አሮጌ ፔስት እንደ ጠመኔ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ከፕሮሰሰሩም ከሂትሲንኩም ጥረጉት። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ አናፍሱትና እስኪደርቅ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ከፔስት ይልቅ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራ ይመስላል፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ግን ከደረቀው ፔስት የባሰ ይሆናል።

ይህን አድርጋችሁ ቀን ላይ፣ ሥራ በበዛበት ሰዓት፣ ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ሞኒተር በሚባል የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ሲለካ የኢንቴል ፕሮሰሰራችሁ ከ80 ዲግሪ በታች ከቆየ ሌላ ኩለር አያስፈልጋችሁም። የኤኤምዲ ፌኖምና ኤፍኤክስ ግን መለኪያቸው ሌላ ነው፤ ኤፍኤክስ 8350 የተፈቀደለት ጣሪያ 61 ዲግሪ ነው። ለኢንቴል ጤናማ የሆነ ቁጥር ለእሱ ከወሰን ያለፈ ነው።

ቀዳዳው፦ ሦስት ሚሊ ሜትር የምታበላሸው ግዢ

የኢንቴል ኩለር በቦርዱ ላይ በአራት ቀዳዳዎች ይያያዛል። አራቱ ቀዳዳዎች እኩል ጎን ያለው ካሬ ይሠራሉ፤ የካሬው ጎን ግን እንደ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ እንደሚቀመጥበት መሰኪያ) ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ኤልጂኤ 775 የተባለው ሶኬት፣ ማለትም የፔንቲየም 4 መጨረሻዎች፣ የኮር ቱ ዱዎና የኮር ቱ ኳድ ቦርድ፣ 72 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመጡት 1156፣ 1155፣ 1150፣ 1151 እንዲሁም በ2020 የመጣው 1200 ሁሉም 75 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ የአንዱ ኩለር ለሌላው ይገጥማል። የኤልጂኤ 1366 ልኬት 80 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጡት 1700 ቦርዶች ደግሞ 78 ናቸው።

በ72 እና በ75 መካከል ያለው ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጡት ኦሪጅናል ኩለሮችም በዓይን ሲታዩ መንታ ናቸው። ብዙ ዕቃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የ775ን ኩለር ለ1155 ቦርድ የገዛ ሰው ሦስቱን ፒን እንደምንም አስገብቶ አራተኛውን በጉልበት ይጫናል። ነጩ የፕላስቲክ እግር ይሰበራል፣ ወይም ሂትሲንኩ በአንድ ጎኑ ተነስቶ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ቦርዱ ጎብጦ በውስጡ ያሉት ስስ መስመሮች ይበጠሳሉ።

ጎንን በማስመሪያ መለካት ስህተት አያጣውም። ስለዚህ ሰያፉን ለኩ፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል በፕሮሰሰሩ ላይ አልፎ ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሃል። 102 ሚሊ ሜትር ከሆነ 775 ነው፤ 106 ከሆነ ከ1156 እስከ 1200 ያለው ቤተሰብ ነው፤ 110 ከሆነ 1700፣ 113 ከሆነ 1366 ነው። ሱቅ ላይ ያለውንም ኩለር እንዲሁ ከፒን ጫፍ እስከ ፒን ጫፍ ለኩት። ድሬዳዋ ላይ ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ ስትሄዱ አሮጌውን ኩለር ይዛችሁ ውጡ፤ ሁለቱን ፒን ለፒን አጋጥሞ ማየት ከማንኛውም የሻጭ ማረጋገጫ ይበልጣል።

ካርቶኑ ላይ «115 ኤክስ» የሚል ካነበባችሁ 1150፣ 1151፣ 1155 እና 1156 ማለት ነው። 775 ለብቻው ካልተጻፈ የለም ብላችሁ ቁጠሩ፤ አዳዲሶቹ አምራቾች መያዣውን ካርቶን ውስጥ መክተት ትተዋል። አንዳንድ ርካሽ ኩለሮች ግን ፒኑ የሚንሸራተትበት ረጅም ቀዳዳ አላቸው፤ በአንዱ እግር ላይ 775፣ 115 ኤክስና 1366 የሚባሉ ሦስት መቀመጫዎች ታያላችሁ። ለአሮጌ ቦርድ እነዚህ ጥሩ መውጫ ናቸው። አራቱም ፒኖች በአንድ ዓይነት መቀመጫ ላይ መሆናቸውን ግን ከመጫን በፊት አረጋግጡ።

ሶኬታችሁን ካላወቃችሁ ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በመጀመሪያው ገጹ ላይ ያሳያል። ኮምፒውተሩ የማይነሳ ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በራሱ በሶኬቱ ፕላስቲክ ወይም አጠገቡ ቦርዱ ላይ ታትሟል።

ኤኤምዲ

የኤኤምዲው ነገር በከፊል ይቀላል። ከኤኤም 2 እስከ ኤኤም 3 ፕላስ፣ ኤፍኤም 1 እና ኤፍኤም 2 ፕላስን ጨምሮ፣ ቀዳዳዎቹ 48 በ96 ሚሊ ሜትር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ኤኤም 4 ወደ 54 በ90 ቀይሮታል። ስለዚህ በብሎን የሚያያዝ የኤኤም 4 ኩለር፣ ለምሳሌ ከራይዘን ጋር የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ፣ በኤኤም 3 ቦርድ ላይ አይገባም። በክሊፕ የሚያያዘው ግን ይገባል፤ ምክንያቱም ክሊፑ የሚነክሰው በሶኬቱ ግራና ቀኝ ባለው የፕላስቲክ መያዣ ላይ ያለውን ጥርስ ነው፤ የጥርሱ ርቀት ደግሞ አልተቀየረም። ሬይዝ ፕሪዝም በዚህ መንገድ ለኤፍኤክስና ለፌኖም ባለቤቶች ጥሩ ዕድል ነው።

የፕላስቲክ መያዣው ጥርስ በሙቀት ብዛት ተሰባሪ ይሆናል። ክሊፑን ከመጫናችሁ በፊት ጥርሱን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት፤ ስንጥቅ ካለው መያዣውን ቀይሩ እንጂ አትሞክሩት። ከሌላ የሞተ ቦርድ ፈትቶ ማምጣት ይቻላል።

አሮጌውን ኩለር ስታነሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ላይ አትንቀሉ። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር እግሮቹ ከራሱ ሥር ናቸው፤ የደረቀው ፔስት ከሂትሲንኩ ጋር አጣብቆት ከተቆለፈ ሶኬት ውስጥ ነቅሎ ያወጣዋል፤ እግሮቹም ይጎብጣሉ። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ ፔስቱ ሲለሰልስ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። እግር ከጎበጠ የሜካኒካል እርሳስ ጫፍ እግሩን አስገብቶ ቀስ ብሎ ለማቅናት ይጠቅማል።

ቁመትና መሰኪያ

የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ማስመሪያ በኬዙ አፍ ላይ አጋድሙ፣ ከዚያ እስከ ፕሮሰሰሩ ራስ ድረስ ለኩ። ከተገኘው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። የቀረው የምትገዙት ኩለር ከፍተኛ ቁመት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኩለር ማስተር ሃይፐር 212 ኢቮ 159 ሚሊ ሜትር ይቆማል፤ ስፋታቸው 18 ሴንቲ ሜትር በሆኑ አሮጌ ኬዞች ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም። ክዳኑን ከፍቶ መሥራት ይቻላል የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ይህ አቧራን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ለትላልቆቹ የራሙንም ቦታ እዩ፤ ፋኑ የመጀመሪያውን የራም መሰኪያ ሊሸፍነው ይችላል።

የፋን መሰኪያ ባለ 3 እና ባለ 4 ፒን ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ይገባሉ። ባለ 3 ፒን ፋን በባለ 4 ፒን ቦርድ ላይ ሲሰካ፣ ባዮሱ (የቦርዱ መነሻ ማስተካከያ ፕሮግራም) በቮልቴጅ የመቆጣጠር አማራጭ ከሌለው፣ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ይጮኻል እንጂ አይጎዳም።

ዋቱና የክፍሉ ሙቀት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ድሬዳዋና ሐረር በአንድ ዓይነት ኩለር የማይዳኙት በዚህ ነውና።

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ቲዲፒ የሚባል፣ ኩለሩ ሊያወጣለት የሚገባውን ሙቀት የሚያሳይ የዋት ቁጥር አለው። ኮር ቱ ዱዎ ኢ8400 እና አይ3-2100 እያንዳንዳቸው 65 ዋት ናቸው። ኮር ቱ ኳድ ኪው6600 እንደ ሥሪቱ 105 ወይም 95 ነው። አይ5-2400 እና አይ7-2600 95፣ አይ5-3470 እና አይ7-3770 77፣ አይ5-4590 እና አይ7-4770 84፣ አይ5-6500 እና አይ7-6700 65 ናቸው። ከኤኤምዲ በኩል ኤፍኤክስ 6300 95፣ ኤፍኤክስ 8350 125 ዋት ነው። 220 ዋት የሚበላው ኤፍኤክስ 9590 ለድሬዳዋ አየር የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ በርካሽ ቢገኝም ይለፋችሁ።

ኩለር ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ የሚያደርገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነው። ያ ልዩነት በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ብዙም ስለማይቀየር፣ ክፍሉ በ12 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በ12 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጀጎል ውስጥ፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ባለው ቤት፣ 24 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ 66 የሚያሳይ ኮምፒውተር፣ በዚያው ቀን ድሬዳዋ ወርዶ 36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቢነሳ 78 ያሳያል። ዕቃው አልተበላሸም፤ አየሩ ነው የተቀየረው። ሐረር ገዝታችሁ ድሬዳዋ ለምትጠቀሙ፣ ሱቁ ውስጥ ያያችሁት ቁጥር ላይ አሥራ ሁለት ያህል ደምሩ።

የኢንቴል ኦሪጅናል ኩለር ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። የ775ቱ የተነደፈው ወደ ፋኑ የሚገባው አየር ከ38 ዲግሪ ገደማ እንዳይበልጥ ታስቦ ነው። ክፍሉ 36 ከሆነ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር 40ን ያልፋል። ፋኑ ጠዋት እስከ ማታ በሙሉ ጉልበቱ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ከፕሮሰሰሩ ዋት ቢያንስ በ30 ዋት የሚበልጥ ኩለር ምረጡ፤ 95 ዋት ለሆነ 125 እና ከዚያ በላይ።

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ሳሳ ያለ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ሆኖም ቅዝቃዜዋ ይህን ስለሚያካክሰው ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ኦሪጅናሉ እዚያ ያለ ሐሳብ ይበቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። አይ7-3770 በዋት ከአይ7-2600 ያነሰ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የበለጠ ሞቆ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው የ3000 ትውልድ በብረት ክዳኑ ሥር በብየዳ ፈንታ ፔስት ነው ያለው፤ ሙቀቱ ወደ ክዳኑ ለመውጣት ይቸገራል። ለእሱ ውድ ኩለር መግዛት የምትጠብቁትን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ምርጫዎቹ ሲወዳደሩ

ያገለገለ የኢንቴል ኦሪጅናል፣ መሃሉ መዳብ ያለው። ሥሩን ገልብጣችሁ ስታዩ መሃሉ ላይ ቀይ የመዳብ ክብ ያለውና ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነው ይለያያሉ። መዳብ ያለውና ወፍራሙ ለ95 ዋት ፕሮሰሰሮች ሲመጣ የነበረው ነው፤ ቀጭኑ አሉሚኒየም ለ65ቱ። ሐረር ላይ ለቢሮ ሥራ፣ ለጽሕፈትና ለህትመት፣ ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ላይ ባለመዳቡን ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ብታውሉት ጥሩ ነው። ስትገዙ የፒኖቹን ነጭ እግሮች እዩ፤ ታጥፎ የነጣ መስመር ያለበት እግር ሊሰበር የተቃረበ ነው።

ወደ ታች የሚነፋ ባለ ሂት ፓይፕ ኩለር። የመዳብ ቱቦዎቹ ሙቀቱን ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ፋኑም ወደ ቦርዱ ይነፋል። ለአሮጌ ቢሮ ቦርዶች የእኛ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ከሶኬቱ ጎን ያሉት፣ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥኑት ክፍሎች፣ ርካሽ ቦርዶች ላይ ምንም የራሳቸው ሂትሲንክ የላቸውም፤ የሚቀዘቅዙት ከኩለሩ በሚተርፈው ንፋስ ነው። በተለይ ኤፍኤክስ 8350ን ርካሽ ቦርድ ላይ አድርጎ ቀጥ ያለ ታወር (ወደ ላይ የቆመና ንፋሱን ወደ ጎን የሚነፋ ኩለር) የገጠመ ሰው ፕሮሰሰሩ 50 ዲግሪ እያሳየ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ግራ ይገባዋል። የጋሉት እነዚያ ክፍሎች ናቸው።

ባለ 92 ሚሊ ሜትር ፋን ታወር። አርክቲክ ፍሪዘር 7 ፕሮ በሁለተኛው እትሙ 126.5 ሚሊ ሜትር ስለሚቆም በብዙ አሮጌ ኬዞች ውስጥ ይገባል፤ 775ንም 115 ኤክስንም ይይዛል። ለ95 ዋት ኢንቴል፣ ፎቶ ቤት ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ለሚሠራ ማሽን፣ ገንዘቡ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

ባለ 120 ሚሊ ሜትር ታወር። ጉልበቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ ፋኑም በቀስታ ስለሚዞር ጸጥ ይላል። በሃይፐር 212 ዓይነት በብሎንና በባክፕሌት (ከቦርዱ ጀርባ በሚገባ መደገፊያ) የሚያያዝ ከሆነ ቦርዱን ከኬዙ ማውጣት ግድ ነው፤ አሮጌ ኬዞች ከቦርዱ ጀርባ መስኮት የላቸውም። በአራት የፕላስቲክ ፒን ብቻ የሚንጠለጠለውን ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ታወር ግን አንመክርም። ባጃጅ ላይ ጭናችሁ በኮብልስቶን መንገድ ስትሄዱ፣ ወይም የደንገጎን ጠመዝማዛ ወደ ሐረር ስትወጡ፣ ያ ክብደት ፒኖቹ ላይ ይወዛወዛል። ማጓጓዝ ግድ ከሆነ ኬዙን ቦርዱ ከታች እንዲሆን አጋድሙት፤ ኩለሩ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ይቁም።

የውሃ ኩለር ለአሮጌ ማሽን አይመከርም። ፓምፑ ያረጃል፣ የ775 መያዣ አይገኝለትም፣ ዋጋውም ከፕሮሰሰሩ ይበልጣል።

ጠቅላላው ወጪ ከፕሮሰሰሩ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሌላ መንገድ አለ፤ ቦርዱ የሚቀበል ከሆነ ፕሮሰሰሩን ራሱን ዝቅተኛ ዋት ባለው መቀየር። 1155 ላይ ያለ አይ5-2400ን በአይ5-3470 መተካት 18 ዋት ይቀንሳል። ባዮሱ መታደስ ሊያስፈልገው ስለሚችል የቦርዱን ሞዴል ይዛችሁ መጀመሪያ አረጋግጡ።

ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ

ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ፣ ኮምፓክ ኤሊት ወይም ቲንክሴንተር ላላችሁ ከላይ ያለው የኩለር ምርጫ እንዳለ አይሠራም። ብዙዎቹ ኩለራቸው የሚያያዘው በፕላስቲክ ፒን ሳይሆን ከቦርዱ ሥር ባለ ብረት ላይ በሚገባ ብሎን ነው፤ ያንን ብረት ካላወጣችሁ የገበያው ፒን ቀዳዳው ውስጥ አያልፍም። ኤችፒዎቹ ላይ ብሎኑ ብዙ ጊዜ ባለ ኮከብ ራስ ቲ15 ነው፤ በማይመጥን ካቻቢቴ አትላጩት።

ብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክሶች የፋናቸው መሰኪያ ባለ 5 ፒን ነው። ባለ 4 ፒኑን ፋን በግድ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፋን ተበላሽቷል የሚል መልእክት እያወጣ ቁልፍ እስክትነኩ ይቆማል፤ የሽቦው ተራ ከተሳሳተም ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ላይ ምርጫው አንድ ነው፦ ፋኑ ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር አንብባችሁ ያንኑ ፈልጉ። መቀየሪያ ገመድም አለ፤ ግን ለዚያው ለዴል የተሠራ መሆኑን እዩ።

ትንንሾቹ ኬዞች ውስጥ ከኩለሩ በላይ የሚቀመጥ ጥቁር የፕላስቲክ መሸፈኛ አለ። ጥገና ላይ «ምንም አይሠራም» ተብሎ የሚጣለው እሱ ነው። የፊቱን ፋን ንፋስ በቀጥታ ወደ ሂትሲንኩ የሚያደርሰው ቦይ እሱ ስለሆነ፣ ከሌለ አየሩ በጎን ያመልጣል። መሸፈኛው የጠፋበት ማሽን ከሆነ አዲስ ኩለር ከመፈለግ በፊት መሸፈኛውን ፈልጉ።

ስትገጥሙ

የፔስቱ መጠን በፕሮሰሰሩ መሃል ላይ የአንድ ትንሽ አተር ፍሬ ያህል ነው፤ የኤኤምዲ ክዳን ሰፋ ስለሚል ትንሽ ይጨመርለት። በጣት አትቀቡት፤ ሂትሲንኩ ሲጫን ራሱ ይዘረጋዋል። «ሊኩዊድ ሜታል» የተባለውን የብረት ፈሳሽ አሉሚኒየም ሥር ባለው ኩለር ላይ በፍጹም አታድርጉ፤ ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

የኢንቴሉ ፒን ራስ ላይ ፍላጻ አለ። ፍላጻው ወደሚያሳየው ማዞር መፍቻ ነው። ስለዚህ ከመግጠም በፊት አራቱንም ከፍላጻው በተቃራኒ እስኪቆሙ መልሷቸው፤ ከዚያ አራቱም ነጭ እግሮች ቀዳዳቸው ላይ መቆማቸውን አይታችሁ በሰያፍ ጫኑ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለት። እያንዳንዱ ቀጭ ብሎ ይሰማል። ድምፁን ግን አትመኑት። ከተቻለ በቦርዱ ጀርባ በኩል በስልክ መብራት እዩ፤ ነጩ እግር በሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ ጥቁሩ ዘንግ ብቅ ብሎ መታየት አለበት። ሦስቱ እንዲህ ሆነው አራተኛው ከተዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ባዮስ ውስጥ 45 ዲግሪ ያሳያል፣ ሥራ ሲጀመር ግን በሰከንዶች 90 ይገባል።

ታወር ከሆነ ንፋሱ ወደ ኬዙ ጀርባ እንዲሄድ ፋኑን አዙሩ። ከኋላ የማስወጫ ፋን ከሌለ አንድ ባለ 80 ወይም 120 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው የፈቀደውን፣ ጨምሩ። ድሬዳዋ ላይ የኋላው ፋን ኬዙ ውስጥ የሚጠራቀመውን ሙቀት ስለሚያወጣ ከኩለሩ ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ትልቅና ቀርፋፋ ፋን ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ካለ ፋኑ ላይበላሽ ይችላል። ቦርዱ ዝቅተኛ ብሎ የያዘው የዙር ወሰን 600 ከሆነና ፋናችሁ 500 ላይ ከጀመረ ያንን ይላል፤ ባዮስ ውስጥ ወሰኑን ዝቅ አድርጉ።

ሙከራውን ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት አታድርጉት። ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ ኦሲሲቲ በተባለው ፕሮግራም ሃያ ደቂቃ አስጨንቁት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ችግሩ ከአያያዙ ወይም ከፔስቱ ነው፤ ፈትታችሁ እንደገና ግጠሙ። ቀስ እያለ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ከወጣና ካላቆመ ግን ኩለሩ በትክክል ተይዟል፤ የጎደለው የኬዙ አየር ነው።